ሦስት ጊዜ የቀረ

ሶዶ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለቤቴል፣ ጎንደር

ሳሮ ነሽ ወይ፣ ሰላም ነሽ ቤቴልዬ? ብርዱስ እንዴት አረገሽ? አብረውሽ የሚተኙት ልጆች ደህና ናቸው? ያቺ የምታንኮራፋውስ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ከድቶኝ የሄደው ጆሮዬ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከኔው ጋር አለ። በስልክ ስናወራ «አቤት? አቤት?» ስል ካርድሽ ስለሚያልቅ በወረቀት ይሻላል ያልሽው ልክ ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ ሳሊሃ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። የምትመልሺውን ደሞ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ ታመጣልኛለች። ሳሊሃ ማለት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሰርቪስ ቤቱን የተከራየችው የደሴ ልጅ ናት፣ ነርስ። ጥሩ ልጅ ናት፣ ጨው አታውቅም እንጂ።

ፊደሌ ላይ አትሳቂ። አባትሽ ጀርባዬ ላይ ሆኖ እያለቀሰ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል ነው። በዚሁ ፊደል የአገሬን የቦምቤን የሴቶች እድር መዝገብ አስራ አራት ዓመት ይዣለሁ። ስም ጠርቻለሁ። አንድም ሴት ስሜን አበላሸሽው ብላኝ አታውቅም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መጀመሪያ ሳሊሃ ስታነብልኝ እየቀለደች መሰለኝ። ለብቻው የሚኖርን ሰው ሰዉ ምን ብሎ ይጠራዋል? ይሄን ነው ጎንደር ድረስ ሄደሽ የምትማሪው? ያ ተክለጻድቅ የምትይው አስተማሪሽ ሚስት የለውም እንዴ? ይሁን፣ የማውቀውን እነግርሻለሁ፣ አንቺ ዲግሪሽን ያዢ።

ባህታዊ አለ። ልጅ ሆኜ ሶዶ ገበያ አንድ መጥቶ ነበር። ጸጉሩ እንደ ገመድ፣ እግሩ ባዶ። ገበያው ሁሉ ከበበውና እናቴ «ይሄ ሰውዬ ብቻውን ከሆነ እኛ ማን ነን?» አለች። መናኝም አለ። መናኝ ጥሎት የሚሄደው ነገር ያለው ሰው ነው። ሀብታም ጥሎ ሲሄድ መነነ ይባላል። ድሃ ሲሄድ ጠፋ ነው የሚባለው።

ወንደላጤ ታውቂያለሽ። ወንደላጤ ብቻውን ሲኖር ሰው ያዝንለታል፣ ወጥ ይልክለታል። ሴት ብቻዋን ስትኖር ቆሞ ቀር ትባላለች፣ ወጥ የሚልክላትም የለም። ራሷ ትሠራለቻ። መበለት ደሞ በቸርች ነው፣ ከፊት ወንበር ያስቀምጡሻል። ባልቴት በሰፈር ነው፣ ከኋላ ያስቀምጡሻል። ጭምት ማለት አፉን የሚዘጋ ነው፣ እኔን አይመለከትም። በራሳችን ቋንቋ ባርካ እንላለን። ለብቻ ማለት ነው። «ባርካ ትበላለች» ካሉሽ ስድብ ነው። «ባርካ ታለቅሳለች» ካሉሽ ግን ሰው ይነሳና ይመጣል። እንደዚያ ነበር በፊት።

ሌላም አንድ አለ፣ ቦምቤ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ። እሱን አልጽፈውም።

አረካ ሄደሽ ሽማግሌዎቹን ጠይቂልኝ ያልሽውን አልቻልኩም። ጉልበቴን አሞኛል። ቸርች ላሉትም መበለቶች በሌላ ጊዜ እጠይቅልሻለሁ። ለጊዜው ግቢ ውስጥ ነው የምውለው። ግቢው ሰፊ ነው፣ ፓፓያው ደርሷል፣ ጎመኑም ጥሩ ነው። አባትሽ ደህና ነው፣ እናትሽ አሳየሽም ደህና ናት፣ ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ያ የቦምቤ ልጆች በስልክ የምትሰባሰቡበት ግሩፕ ላይ ሰው ሞተ ሲባል ካየሽ ጻፊልኝ። ማን እንደሞተና መቼ እንደተቀበረ። እዚህ የሚነግረኝ የለም።

አያትሽ አስካለች


ሶዶ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤቴልዬ

ይቅርታ ልጄ። ጉልበቴን አሞኛል ያልኩሽ ውሸት ነው። ጉልበቴ አሁንም አረካ አድርሶ ይመልሰኛል። ሳሊሃ ነገረችሽ አይደል? ፎቶ አንሺ አልኳት እንጂ ታሪክ ጨምሪበት አላልኳት። አሁንም ይሄን ስታነሺ ታነቢያለሽ ሳሊሃ፣ አውቅሻለሁ።

እሺ፣ ከሳሊሃ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው። አዎ፣ በሩ ይቆለፋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይቆለፋል፣ አስራ አንድ ተኩል ላይ ይከፈታል። ቁልፉ በውጭ በኩል ነው፣ ሰንሰለቱ በቀዳዳው ወጥቶ። ድምጹን ጆሮዬ አይሰማም። እጄን ቆርቆሮው ላይ ሳሳርፍ ግን ይንቀጠቀጣል፣ በእሱ ነው የማውቀው። በየቀኑ እጄን አሳርፋለሁ። ምናልባት ዛሬ ይረሳው ይሆናል ብዬ። አባትሽ ግን የሚረሳ ሰው አይደለም፣ እኔው ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩት።

አባትሽን አትቀየሚው። ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 20 ቀን ቦምቤ ሰው ሞቶ ሰማሁ። የእድሬ ሰው ናት። ተነሳሁ፣ ነጠላዬን ያዝኩ፣ ሚኒባስ ገባሁ፣ ሄድኩ። ሀዘን ቤት ደርሶ አምሽቶ መመለስ አለ እንዴ በኛ አገር? አደርኩ። ስልኬን ትቼው ነው የሄድኩት፣ ብይዘውስ መች ይሰማኛል። ለአባትሽ ለታምራት ነግሬው ብሄድ «እማዬ ቅዳሜ አደርስሻለሁ» ነው የሚለኝ። ሬሳ ቅዳሜን ይጠብቃል?

በነጋታው ስመለስ በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ጫማው ጭቃ ነው፣ ፊቱ የታመመ ሰው ፊት። ሌሊቱን ሙሉ ፈልጎኛል። ጣቢያ ሄዷል፣ ቸርች አስነግሯል። አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጣኝ ኖሮ። በማግስቱ ብረት በያጁን አምጥቶ በሩን አስበሳ፣ ሰንሰለት አስገባ፣ «ለደህንነትሽ ነው እማዬ» አለኝ። ማታ ማታ ሙዝ ያመጣልኛል። ስንት ሙዝ እበላለሁ፣ ዝንጀሮ ነኝ?

ሳሊሃ ቁልፍ አላት፣ ተከራይ ነቻ። ግን ስትወጣ መልሳ ትቆልፋለች። ታምራት አስምሏታል፣ እናቴ ብትጠፋ ከአንቺ ነው የምፈልጋት ብሎ። ልጅቷ ስትቆልፍ ዓይኔን አታየኝም።

ቀኑ እንዴት ያልቃል ላልሽው፣ አያልቅም። ጎመን አርማለሁ። ከውሻዋ ጋር አወራለሁ፣ እሷም እንደኔው ናት፣ ማታ ነው የምትፈታ። ከበሩ ሥር አንድ ስንዝር ክፍተት አለ። እዚያ ጋ ያቺን ዱካ በርጩማዬን አስጠግቼ ቁጭ እላለሁ፣ የሰው እግር አያለሁ። ባጃጅ ያልፋል፣ ተማሪ ያልፋል። አሁን ፊት ሳላይ በጫማ ብቻ ሰው አውቃለሁ። ይሄ የብሎኬት ሠራተኛው፣ ይቺ የቃሪያ ዳጣ የምትሸጠው። ሰላም ብላቸው ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ድምጽ ይሆንባቸውና ይደነግጣሉ። ተውኩት።

እውነተኛው ጭንቀቴ ግን በሩ አይደለም። በመጨረሻው መስመርሽ የጻፍሽልኝ ነው። ሰኔ 18 ቀን ቦምቤ ቀብር ነበር ያልሽው። እኔ ያን ሰሞን ጎመን ስኮተኩት ነበር፣ እዚያ ስሜ ተጠርቷል። «አስካለች» ብለው፣ ዝም።

በእድራችን ደንብ አለ ልጄ። ሰው ሲሞት አባሏ ራሷ ትመጣለች፣ ውሃና እንጨት ይዛ። በሦስተኛው ቀን ስም ሲጠራ ራሷ «አለሁ» ትላለች። ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። በገንዘብ አይተካም፣ በልጅ አይተካም። አሁን አንድ ቀርቻለሁ።

ታምራትን አስረዳሁት። «እማዬ፣ የኔ መሥሪያ ቤት እድር አለ፣ እዚያ ተመዝግበሻል» አለኝ። የት ተመዘገብኩ? ወረቀቱን አሳየኝ። የሱ ስም አለ፣ ከሱ ሥር የአሳየሽ አለ፣ ከሷ ሥር «እናት» ይላል። እናት ብቻ። ስም የለኝም እዚያ። ስሞት «የታምራት እናት ሞተች» ብለው በመኪና ይመጣሉ፣ ሰዓታቸውን እያዩ። የቦምቤዎቹ ግን «አስካለች ሞተች» ብለው ነው የሚመጡት። ወይም ይመጡ ነበር።

አያትሽ


ጎንደር፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እማማዬ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ ብዬ መጠየቅ ከብዶኝ ይሄን ደብዳቤ አራት ጊዜ ቀደድኩት።

ለአባዬ ደወልኩለት። ልቆጣው ነበር የደወልኩት፣ ቃሎቼን ሁሉ አዘጋጅቼ። እሱ ግን አንቺ ያልነገርሽኝን ነገረኝ። አንቺ ባደርሽበት ሌሊት ሬሳ ክፍል ድረስ እንደገባ። አንዲት አሮጊት በመኪና ተገጭታ መጥታለች ተብሎ ጨርቅ እንደገለጠ። «ቤቴል፣ ያንን ጨርቅ እንደገና አልገልጥም» አለኝ። ያዘጋጀኋቸውን ቃሎች ሳልናገር ስልኩን ዘጋሁ። ይሄን ታውቂ ነበር?

ክረምቱን ልመጣ አልቻልኩም። ትምህርቱ ስለዘገየ በነሐሴም ክፍል አለን። ብመጣ ቁልፉን ራሴ እሰብረው ነበር።

ሌላው፣ ልነግርሽ ያልፈለግኩት ነገር ነው። ሐምሌ 6 ቀን ቦምቤ ዳቦ ቤት ያላት ሴትዮ አርፋለች። ግሩፑ ላይ ማዘኔን ጻፍኩ፣ ስምሽን አልጠቀስኩም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ። ወይ ሳሊሃ አንድ ቀን በሩን ትክፈትልሽ፣ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ወይ ለሳህሊቱ ደውዬ ልንገራት፣ አሁን የእድሩ ዳኛ እሷ ናት አይደል? እንደተቆለፈብሽ ቢያውቁ አይሰርዙሽም።

ቃሎቹን አስተማሪዬ በጣም ወደዳቸው። «ባርካ»ን በቀይ አስምሮበታል። «ግን አያትሽ የሰጠችሽ ሁሉ በራሳቸው ብቸኛ የሆኑ ሰዎች ስም ነው፤ ሌላ ሰው ብቻቸውን ያደረጋቸውስ?» ብሎ ጽፎበታል። ያን አልጽፈውም ያልሽውን አንዱን ንገሪኝ።

ልጅሽ ቤቴል


ሶዶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤቴልዬ

የሬሳ ክፍሉን አላውቅም ነበር። ለእናት የሚነገር ነገር አይደለም ብሎ ነው። ሳሊሃ ያን ወረቀት ካነበበችልኝ በኋላ ሁለት ቀን ዱካዬ ላይ አልተቀመጥኩም፣ ሳሊሃ የታመምኩ መስሏት ግፊቴን ለካች። ማታ ታምራት ሙዙን ይዞ ሲመጣ እጁን አየሁት፣ ጨርቁን የገለጠበትን እጅ። ሁለት ሙዝ በላሁለት።

ስለዚህ አሁን ልቆጣው እንኳን አልችልም። በሩ እንደሆነ አልተከፈተም፣ የነበረኝን ቁጣ ብቻ ነው የወሰድሽብኝ።

ያልሽው ሁለቱም አይሆንም። ሳሊሃ ብትከፍት ቤቷን ታጣለች። እንግዳ ልጅ ናት፣ እዚህ ሶዶ ዘመድ የላትም፣ በኔ ምክንያት ዕቃዋን ተሸክማ አትውጣ። ለሳህሊቱ ደሞ እንዳትደውዪ። ምን ብለሽ ነው የምትደውዪው? «ታምራት እናቱን ቆልፎባታል» ብለሽ? ቦምቤን ታውቂያለሽ። ይሄ ወሬ ከአፍ ከወጣ ልጄ ሲሞት እንኳን ከሬሳው በፊት ይደርሳል። እኔ ልሰረዝ፣ እሱ በሰው አፍ አይግባ። በማርያም እንዳልልሽ ጴንጤ ነኝ፣ ግን እለምንሻለሁ።

ሁለት ቀርቻለሁ ማለት ነው። እንግዲህ ሦስተኛው ሰው እንዳይሞት ነው የምጸልየው። ጸሎት እንዲህ ሲሆን አይተሽ ታውቂያለሽ? ድሮ ነፍስ ይማር እል ነበር፣ አሁን ለእድሬ ብዬ ነው ሰው እንዲኖር የምለምነው።

አሁን ያንን አንዱን ልንገርሽ። አስተማሪሽ የጠየቀው ልቤን ስለነካው ነው እንጂ መቃብር ይዤው ልገባ ነበር።

መቅዲ የምትባል ሴት አለች ቦምቤ፣ ከላይኛው ሰፈር፣ ባህር ዛፉ ጋ። የኔ እኩያ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከቤት መውጣት ተወች። ለቅሶ ትቀራለች፣ ቸርች ትቀራለች። ሰው ሲያልፍ በሯን ትዘጋለች። እድሩ ውስጥ ሴቶቹ አጉረመረሙ፣ እኛ ጭቃ እየረገጥን እሷ ምን ብላ ነው ብለው። ያኔ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ተነሳሁና «ደንብ ይውጣ» አልኩ። «ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዝ።» እጅ ወጣ። እኔው ጻፍኩት፣ በዚሁ በምታይው ፊደል። ከዚያ ስሟን ጠራሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ ዝም ተባለ፣ በስሟ ላይ መስመር አሰመርኩ። ቀጥ እንዲልልኝ በማስመሪያ ነው ያሰመርኩት።

አፌ ደሞ አላረፈም። «እንግዲህ የቦምቤ ባህታዊ ሆናለች» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ስሙ ተጣበቀባት። ልጆች በበሯ ሲያልፉ «ባህታዊ! ባህታዊ!» ይሉ ጀመር። ዘጠኝ ዓመት። «የቦምቤ ባህታዊ» የሚለውን ነው ያልጻፍኩልሽ።

ግንቦት ላይ ለለቅሶ የሄድኩ ጊዜ በጓሮዋ በኩል አለፍኩ። አጥሯ ሳስቷል። ቁጭ ብላ እግሯን በሳፋ ውሃ በሳሙና ታጥባለች። እግሯ አብጦ እንደ እንሰት ግንድ ሆኗል። ዝሆኔ ነው። በኛ አፈር ስንቱን በባዶ እግሩ ሲያርስ የያዘው። ሰው ግን መርገም ነው፣ ይተላለፋል እያለ ይሸሻል። አየሽ፣ ወዳ አልቀረችም። ለቅሶ ላይ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለችው ፈቀቅ ትል ነበር፣ ያኔ ትዝ አለኝ። እኔም ፈቀቅ ብያለሁ። ነጠላዬን ሰብስቤ። ከዚያ ቀረች ብዬ ሰረዝኳት። በሯን አንኳኩቶ ምነው ያላት አንድ ሰው የለም።

ያን ቀን እንኳን ቀና ብላ ልታየኝ ስትል አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። አሁን እኔ ነኝ ከበር ሥር እግር የምቆጥረው።

ለአስተማሪሽ ንገሪው። ሰዎች ብቻውን ላደረጉት ሰው ስም የለንም። ያው ባህታዊ እንለዋለን፣ ራሱ እንደፈለገ እንዲመስል።

አያትሽ


ጎንደር፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማዬ

አጭር ደብዳቤ ስለሆነ አትዘኚብኝ። ፈተና ላይ ነኝ።

ትናንት የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እናት አርፋለች። ዛሬ ተቀብራለች። ስም ጥሪው ከነገ ወዲያ ነው። ይሄን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላወቅኩም፣ ጻፍኩት።

እኔም ይቅርታ የምጠይቅሽ ነገር አለ። ለሳህሊቱ አልደወልኩም፣ ቃልሽን ጠብቄያለሁ። ግን ለመቅዲ ደውያለሁ። ስልክ አላት። ማንም ስለማይደውልላት ቻርጇ አያልቅም ብላ ሳቀች። የደወልኩት ለጥናቴ ነበር፣ ምን ብለው ይጠሩሻል ብዬ ልጠይቃት። አልጠየቅኳትም። የማን ልጅ ነሽ አለችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ «አስካለች ምነው ጠፋች?» አለችኝ።

እማማዬ፣ መዋሸት አልቻልኩም። ከነገርኳት በኋላ «እሺ» ብላ ዘጋችው። ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ለማንም ላትናገር ትችላለች። ማንስ ያናግራታል?

ተቀየሚኝ፣ ግን ጻፊልኝ።

ቤቴል


ሶዶ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤቴልዬ

ፈተናው እንዴት ነበር? በደንብ በላሽ? እስክትመልሺልኝ አልጠብቅም፣ የምነግርሽ አለኝ። ሳሊሃ ዛሬ ብዙ ፎቶ ታነሺያለሽ፣ ወረቀቱ ስድስት ገጽ ነው።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ አለቀስኩ፣ ተቀየምኩሽም። «አፏን እንደኔው ያደረገችው ምን በልታ ነው» አልኩ። ስም ጥሪው የሚሆንበትን ቀን ጎመን ሳልነካ ዋልኩ። ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድሮ መዝገብ በምከፍትበት ሰዓት፣ ግቢው መሀል ቆሜ ለውሻዋ «አለሁ» አልኳት። አየችኝ፣ ተመልሳ ተኛች። አለቀ አልኩ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ታምራት ቆለፈ፣ አሳየሽ ሄደች፣ ሳሊሃም ተረኛ ነበረች። ዱካዬን በሩ ሥር አስጠግቼ ቁጭ አልኩ። አራት ሰዓት ገደማ ይመስለኛል፣ ሚኒባስ ቆመ። ጎማውን ነው ያየሁት። ከዚያ እግር ወረደ። አንድ እግር አይደለም፣ ብዙ። ጭቃ የነካው የፕላስቲክ ጫማ፣ የቦምቤ ቀይ ጭቃ። አንዷ ካልሲ ያደረገች ናት፣ እሷ ሳህሊቱ ናት፣ ክረምት ከበጋ ካልሲ ነው የምታደርገው። ሌላዋን በተረከዟ አወቅኳት። አስራ ሁለት እግር ድረስ ቆጠርኩ።

የመጨረሻው እግር ሲወርድ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ አንዱ መጣ፣ ልክ እንደኛ እግር። ከዚያ ሌላው። ትልቅ፣ ክሊኒክ የሚሰፋ ሰፊ ጥቁር ጫማ፣ በገመድ የታሰረ፣ ንጹህ። ከሁሉም ጫማ ንጹህ እሱ ነበር። ፊቷን ማየት አላስፈለገኝም።

በሩን አንኳኩ፣ ቆርቆሮው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። «ተቆልፏል» አልኩ። ድምጼ ከየት እንደመጣ እንጃ። «ልጄ ማታ ይመጣል፣ ሂዱ፣ ይቅር።» ሳህሊቱ የመለሰችውን አልሰማሁም። ከዚያ ሁሉም እግሮች ዞሩና አንድ ባንድ ጠፉ፣ በምትካቸው ቀሚስ መጣ። በሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ አሉ ማለት ነው። አልሄዱም።

ቤቴልዬ፣ እንግዲህ አስቢው። ሰባት ሴት፣ ከሀዘን ቤት በቀጥታ የመጡ፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ የአቶ ታምራት በር ላይ ተደርድረው። የሰፈሩ ሰው ምን ይላል? አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤት አግዳሚ አወጣ። ባጃጅ ቆሞ ሹፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ዳጣ ሻጯ መጥታ ጮክ ብላ «ማን ናት ነፍስ ይማር» ስትል እኔ ከውስጥ ሆኜ «እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም» አልኩ። ዳጣው ፈሰሰ።

ያልሰማሁትንና ያላየሁትን ሁሉ የነገሩኝ በኋላ ነው፣ የስም ጥሪውንም አሁን ልንገርሽ። ስም ጥሪው ላይ ሳህሊቱ ስሜን ጠራች፣ ዝም። ሦስተኛ ነው። እስክሪብቶውን አነሳች። ያኔ መቅዲ ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ቆማ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ለቅሶ ያልመጣች ሴት። አባል አይደለችም፣ መናገር አይፈቀድላትም። ተናገረች። «ከመሰረዛችሁ በፊት ሄዳችሁ በሯን አንኳኩ» አለች። «የኔን አላንኳኳችሁም።» ሌላ አላለችም። የታምራትን ስም አልጠራችም፣ ስለ ቁልፍ አልተናገረችም። ሴቶቹ የታመምኩ መስሏቸው ነው የመጡት። ሚስጥሬን ጠበቀችልኝ፣ ተዪው፣ በሩ ራሱ ተናገረ እንጂ።

አስራ አንድ ተኩል ላይ አባትሽ መጣ። ጫማውን አወቅኩት። ከሩቅ እየሮጠ ነው፣ ሰው መንገድ ላይ ደውሎለት ይሆናል። ሙዙ መሬት ላይ ወደቀ። ነጠላዎቹን ሲያይ በጉልበቱ ወደቀና ከበሩ ሥር ፊቱን አየሁት። ቤቴልዬ፣ ያንን ጨርቅ ሲገልጥ የነበረውን ፊት አየሁት። «እማዬ» አለ። «ታምራት፣ አለሁ፣ ክፈት» አልኩት። ቁልፉን ማግኘት አቅቶት ኪሱን ሁሉ ገለበጠ። ሊነሳ ሲል ሳህሊቱ እጁን ያዘችው። «ቁጭ በል ልጄ» አለችው። «ስም ጥሪ ላይ ነን፣ አትረብሽ።»

መዝገቡን ይዛው መጥታለች። እዚያው መሬት ላይ ከፈተችው። የሁሉንም ስም ጠራች፣ ሁሉም አለሁ አሉ። የኔ ሲደርስ እንዳልሰማ አውቃለችና ለመቅዲ ሰጠቻት። መቅዲ አፏን ሰንሰለቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ አስጠግታ ጠራችኝ። «አስካለች!»

ስንት ዓመት እኔ ነኝ ስም የጠራሁት። ከውስጥ ሆኖ መጠራት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ደግማ ጠራችኝ። «አለሁ» አልኩ።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሌላው ያው ነው፣ ለቅሶ፣ መሳሳም። አባትሽን የወቀሰው የለም። እሱ ግን መሬት ላይ ከመሀላቸው ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ። ሴቶቹ ገብተው ሙዙን በሉት። መቅዲ አግዳሚው ዳር ላይ ስትቀመጥ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ቀሚሴ ቀሚሷን እስኪነካ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት «መስመሩን በማስመሪያ ነው ያሰመርሽው አሉ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እንደሱ ከሆነ ማጥፊያም አምጪ» አለች። ሳህሊቱ መዝገቡን ሰጠችኝ። መስመር አይጠፋም፣ ታውቂያለሽ፣ በቢክ ነው። ከሥር ስሟን እንደ አዲስ ጻፍኩት።

ማታ ሲሄዱ ያስተማሪሽን ጥያቄ ጠየቅኳት። ሰው ብቻውን ያደረገውን ሰው ምን ብለን እንጥራው አልኳት። ጫማዋን እያሰረች ቀና ብላ አላየችኝም። «በስሙ ነዋ» አለች። «በሩ ላይ ቆማችሁ።»

የመጨረሻውን ልንገርሽና ልጨርስ። ትናንት ጠዋት አባትሽ እንደልማዱ ወጣ። ሰንሰለቱን ሲያነሳ አየሁት፣ እጁ ነው የለመደው። ከበሩ ሥር ጫማው ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ሄደ። እጄን ቆርቆሮው ላይ አሳረፍኩ። አልተንቀጠቀጠም።

አልወጣሁም። አትሳቂ። ዱካዬ ላይ ቁጭ ብዬ በሩን ሳይ ዋልኩ። በገዛ ፈቃዴ መሆኑን ለማወቅ አንድ ቀን ያስፈልጋል። ነገ ግን መቅዲ እደውልልሻለሁ ብላኛለች፣ ሳሊሃ በስልኳ ታቀርብልኛለች፣ ባልሰማትም «አቤት» እላለሁ። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ደሞ ቦምቤ ነኝ፣ ታምራት ራሱ ነው የሚያደርሰኝ። ያድራል፣ ነግሬዋለሁ።

አያትሽ አስካለች።
አለሁ።